ሁለቱ የመርጃን ልብስ ሰፊዎች

ጅቡቲ ከተማ፣ ጋለሪ መርጃን በሚባለው የገበያ ሕንፃ ፎቅ ላይ አሥራ አንድ ሱቆች ተዘግተዋል፤ እንቁን የሚያናድዳት ግን ያልተዘጋው አንዱ ነው። ከእሷ ሱቅ ፊት ለፊት፣ ስድስት እርምጃ ብቻ ተሂዶ፣ ቡርቱካን የስፌት መኪናዋን ገትራ ከጠዋት ጀምራ ታንቀጫቅጨዋለች። ሽቶ ሻጩ ለቅቋል። ጫማ ቤቱ ለቅቋል። የሕፃናት ልብስ ይሸጡ የነበሩት ወንድማማቾች ዕቃቸውን በአንድ ጠዋት ጭነው ሲሄዱ እንቁ ደረጃው ድረስ ሸኝታ፣ አልቅሳ፣ ዞር ስትል የቡርቱካን በር ወለል ብሎ ተከፍቶ አየችው። «አይ እግዜር፣ ስንቱን ደህና ሰው ወስደህ ይቺን ተውክልኝ» አለች በሆዷ።

እውነቱን እንነጋገር ካልን ቡርቱካን ክፉ ሰው አልነበረችም። ጠዋት ጠዋት ሰላምታ ሳትሰጥ ወደ ሱቋ አትገባም። «እትዬ፣ እንዴት አደርሽ» ትላለች፤ እንቁም «እግዜር ይመስገን» ትላታለች፤ ከዚያ በኋላ ግን ቀኑን ሙሉ ዓይኗን አትነቅልባትም። ለዚህም መላ አበጅታለች። ግድግዳው ላይ ቁመተ ረጅም መስታወት ሰቅላለች፤ ለደንበኛ ነው ትላለች። ደንበኛ ግን በዚያ መስታወት ራሱን ለማየት አንገቱን መቆልመም ነበረበት፤ መስታወቱ በቀጥታ የሚያሳየው የቡርቱካንን በር ነው። ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ ማን ልኩን አስለካ፣ ማን እየሳቀ ሄደ፣ እንቁ ከመኪናዋ ቀና ሳትል ታውቃለች። ሁለት ሴቶች ተከታትለው ወደዚያ ከገቡ ክሯ ይበጠስባታል። ሦስት ከገቡ ራሷን ያማታል። ይሄ ቅናት ነው፤ ሌላ ስም አንፈልግለት።

መርጃን በደህናው ዘመን እንዲህ አልነበረም። ሐጂ ኒዛር የሚባሉ የየመን ዘር ያላቸው ጅቡታዊ ነጋዴ ሲያሠሩት፣ ሰው የሚመጣው ለመግዛት ብቻ ሳይሆን በራሱ በሚሄደው ደረጃ ላይ ለመውጣትም ጭምር ነበር። ሴቶቹ የቀሚሳቸውን ጫፍ ሰብስበው፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው እየሳቁ ይወጣሉ፤ ይወርዱና ደግመው ይወጣሉ። ምድር ቤቱ በሙሉ ትልቅ የምግብ መደብር ነበር። ክሊማው፣ እዚያ አገር ማቀዝቀዣውን የሚጠሩት እንዲያ ነው፣ ገና ከበሩ ፊት ላይ ይነፍሳል። ኋላ በከተማው ሌላ ጫፍ ሰፊ የመኪና ማቆሚያ ያለው አዲስ የገበያ አዳራሽ ተከፈተና ሰው ሁሉ ወደዚያ ነጎደ። የምግብ መደብሩ ለቀቀ። ደረጃው አንድ ቀን ሰው እንደጫነ ቀጥ አለ፤ ከዚያ ወዲህ በእግር ነው። ክሊማውም ጠፋ። ዘበኛው ዋለልኝ በሩ ላይ ተቀምጦ፣ «የጨው ክምር ሲናድ ሞኝ ይልሳል፣ ብልህ ያለቅሳል» ይላል ለወጪ ለገቢው። እሱ ራሱ ግን ከሁለቱም ወገን አልነበረም፤ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ጫት ገብቶ ከተማው ሊቅም በሩን ሲዘጋ እሱም ካርቶኑን አንጥፎ ይተኛል።

እንቁ ጅቡቲ የገባችው በሃያ ስድስት ዓመቷ፣ ከደሴ፣ ለሰው ቤት ሥራ ነው። ሄሮን በሚባለው፣ ባሕሩን በሚያየው ሰፈር፣ አንዲት ፈረንሳዊት እመቤት ዘንድ ስድስት ዓመት አደረች። ማዳም በልጅነቷ ከፈረስ ወድቃ የሱቅ ልብስ የማይሆናት ሴት ነበረች፤ ትከሻዋ ጠማማ ነው። ስለዚህ ቤቷ የስፌት መኪና አስቀምጣ ራሷ ትሰፋለች፤ እጇ እየደከመ ሲሄድ እንቁን አስተማረቻት። እንቁ ስድስት ዓመት ሙሉ ለዚያች አንዲት ሴት ቀደደች፣ ሰፋች፣ ፈታች፣ ደግማ ሰፋች። ማዳም ወደ አገሯ ስትመለስ መኪናውን ተወችላት። እንቁም ከሰው ቤት ወጥታ፣ መርጃን ላይ ሱቅ ይዛ፣ የራሷ ሰው ሆነች።

አቀዳደዷ እንደማንም አልነበረም። ሌላ ልብስ ሰፊ ጨርቁን አጥፎ ሁለቱን ትከሻ ባንድ መቀስ ይቀድዳል። እንቁ አታጥፍም። ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ፣ ቀኙን ለብቻ፣ ግራውን ለብቻ፣ ያለ ወረቀት፣ ያለ ጠመኔ፣ በዓይኗ ብቻ ትቆርጠዋለች። ማዳም እንዲያ ነው ያስለመደቻት። ያየ ሁሉ እጁን አፉ ላይ ይጭናል። የሶማሌ ሴቶች ለሠርግ የሚለብሱትን ሰፊና ስስ ቀሚስ፣ ዲራውን፣ እንቁ ስትሠራው ግራ ትከሻ ላይ ሸርተት ይላል። «የእንቁ ዲራ አወዳደቁ ልዩ ነው» ይባልላት ነበር። እሷም ይሄን ስትሰማ ኩራት ኩራት ይላታል።

ቡርቱካንን ያገኘቻት ካርቲየ 4 በሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ አንድ የሀበሻ ምግብ ቤት ጓሮ ሰሃን ስታጥብ ነው። ልጅቷ ከሐረርጌ ተነስታ ወደ የመን ልትሻገር ኖሮ፣ ኦቦክ ባሕሩ ዳር ደርሳ ጀልባውን ስታየው እግሯ አልሄድ ብሏት ተመልሳለች። የለበሰችው ልብስ ላይዋ ላይ አልቆ ነበር። እንቁ አንጀቷ ተንሰፈሰፈ። ቤቷ ወስዳ አብልታ፣ ለራሷ የሰፋችውን አረንጓዴ ቀሚስ አውጥታ አለበሰቻት፤ በማግስቱም ወደ ሱቅ ይዛት መጣች። አሁን ይሄ ትዝ ሲላት ራሷን ትረግማለች። በገዛ እጄ ነው ያመጣኋት ትላለች።

መርፌ አስያዘቻት። መዘምዘም፣ ቁልፍ መትከል፣ ዚፕ መግጠም፣ እጅጌ ማያያዝ፣ ሁሉንም አሳየቻት። አንድ ነገር ግን አላሳየቻትም፤ ቅድ። ሙያ በልብ ነው። የሚሰፋው መቶ ነው፣ የሚቀድደው አንድ ነው፤ ቅዱን የሰጠ ሱቁን ሰጠ ማለት ነው። ስለዚህ እንቁ መቀሷን ልታነሳ ስትል፣ «ቡርቱካን፣ ክር አልቋል፤ ሄደሽ ግዢ» ትላታለች። ልጅቷ ሻሿን ጠምጥማ ትወጣለች። ስትመለስ ጨርቁ ተቆርጦ፣ ተደርድሮ ይጠብቃታል። አራት ዓመት እንዲህ ሆነ። ነጭ ክር፣ ጥቁር ክር፣ ማንም የማይለብሰው ቀለም ክር። መሳቢያው ውስጥ የታጨቀው ክር ከጅቡቲ እስከ ደሴ ቢዘረጋ ይተርፋል። ቡርቱካን ሞኝ አልነበረችም፤ ግን አንድም ቀን «ክር ሞልቷል እኮ» አላለችም።

በአምስተኛው ዓመት ትይዩ ያለውን ባዶ ሱቅ ተከራየች። መርጃን ያኔ ማጣጣር ጀምሮ ስለነበር ቦታው እንደ ነፃ ነበር የሚሰጠው። መጥታ የእንቁን ጉልበት ስማ ምርቃት ለመነች። እንቁም «እግዜር ይከተልሽ» አለቻት፤ ከንፈሯ መረቀ፣ ሆዷ ግን አልተባበረም። ቅድ አታውቅ፣ ሦስት ወር አትቆይም ብላ ነበር የተጽናናችው። ሦስት ወሩ አለፈ፤ ሦስት ዓመቱም አለፈ። ዓርብ ዓርብ፣ የሰው ቤት ሠራተኞች ዕረፍት በሚወጡበት ቀን፣ የሀበሻ ሴቶች ጨርቃቸውን በፌስታል አንጠልጥለው የማይሄደውን ደረጃ እየወጡ ወደ ቡርቱካን ይጎርፋሉ። ይባስ ብሎ የቡርቱካን ዲራም ግራ ትከሻ ላይ ሸርተት አለ።

ይሄን ያየች ዕለት የእንቁ ቆሽት አረረ። አወዳደቄን ሰረቀችኝ አለች። ግን በየት በኩል? ክር ግዢ ስትላክ በቁልፍ ቀዳዳ ነው እንዴ የምታየኝ የነበረው? ነገሩ ሲያብሰለስላት ወርዳ ለዋለልኝ አማችለት። ዋለልኝ ሰምቶ ሰምቶ፣ «ምቀኛ አታሳጣኝ ነው፤ ተያት» ብሎ ሳቀ። ማን የማን ምቀኛ እንደሆነ ግን አልነገራትም።

ይሄ ሁሉ ሲሆን ሐጂ ኒዛር አረጁና ነገሩን ሁሉ ለልጃቸው ለኢማን ተዉት። ኢማን ውጭ አገር ተምራ የተመለሰች፣ ሠላሳ አምስት ያልሞላት ሴት ናት። ያሳደገቻት ሞግዚት ሀበሻ ስለነበረች አማርኛዋ ልቅም ያለ ነው፤ ስትናደድ ብቻ ወደ ፈረንሳይኛ ትገባለች። አንድ ጠዋት የቀሩትን ተከራዮች ባዶው የምግብ መደብር ውስጥ ሰብስባ ሐሳቧን ነገረቻቸው። የሞተ ገበያ ማባበል ይብቃን አለች። መርጃን ከእንግዲህ የገበያ አዳራሽ አይሆንም። ምድር ቤቱ ክሊኒክ ይሆናል፤ መደርደሪያዎቹ በነበሩበት መመርመሪያ ክፍሎች፣ የሥጋ ማቀዝቀዣው በነበረበት ላቦራቶሪ ይገባል። ፎቁ ላይ የሱቆቹ ግድግዳና የፊት መስታወታቸው ፈርሶ አንድ ረጅም የስፌት አዳራሽ ይወጣዋል። ከሰው ቤት ሥራ መውጣት የሚፈልጉ ሴቶች እዚያ ይማራሉ፤ የክሊኒኩን የነርሶች ልብስም እነሱ ይሰፋሉ። አዳራሹን የምትመራ አስተማሪ ትቀጠራለች። አንዲት ብቻ። ሌሎቹ በሁለት ወር ውስጥ ይለቅቃሉ።

እንቁ ስብሰባው ላይ ቆማ የራሷን ነገር አሰላች። አርባ አምስት ዓመቷ ነው። ሌላ ቦታ ሱቅ የመከራየት አቅም የላትም። ይሄ ሥራ ካመለጣት የሚጠብቃት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ተመልሶ ሰው ቤት ማደር፣ ኩሽና አጠገብ ባለች ክፍል መተኛት፣ በሌላ ሰው ደወል መነሳት። ይሄን ስታስብ ትፈራለች። ወዲያው ደግሞ ቡርቱካን አዳራሹ መሐል ቆማ «እንዲህ አድርጉ» ስትል ይታያታል፤ ያን ጊዜ ፍርሃቱ ይሸሽና ቅናቱ ብቻውን ይቀራል። ከሁለቱ ምረጪ ቢሏት ሰው ቤት ማደሩን ሳትመርጥ አትቀርም ነበር።

ኢማን እንቁንና ቡርቱካንን ለብቻቸው ጠራቻቸው። ሁለታችሁም ጥሩ እንደምትሰፉ አውቃለሁ አለች፤ የምፈልገው ማስተማር የምትችለዋን ነው። መቀስ ይዘው የማያውቁ ሁለት ሴቶች አመጣለሁ፤ ለእያንዳንዳችሁ አንድ። ሦስት ጠዋት ይሰጣችኋል። በአራተኛው ጠዋት እያንዳንዷ ተማሪ ራሷ የቀደደችውንና ራሷ የሰፋችውን የነርስ ልብስ ለብሳ ትመጣለች። ለእንቁ ቦንቱ ደረሰቻት፤ ሳቂታ፣ ጨዋታ ወዳድ፣ እጇ ፈጣን የሆነ የወሊሶ ሴት። ለቡርቱካን ደግሞ ሙንተሃ የምትባል ዝምተኛ የድሬዳዋ ሴት ተሰጠቻት።

በመጀመሪያው ጠዋት እንቁ ደስ ብሏት ዋለች። ቦንቱ መኪናውን ቶሎ ለመደችው፤ ስፌቷም ቀጥ ያለ ነው። ችግሩ የመጣው በሁለተኛው ጠዋት፣ መቀስ ሲነሳ ነው። ቦንቱ ስንት ጣት ልተው ብላ ጠየቀች። እንቁ እንደ ዓይንሽ አለቻት። ቦንቱም ዓይኔ ምን እንደሚል አላውቅም ብላ ሳቀች። እንቁ ልታስረዳት አፏን ከፈተች፤ ቃል አልመጣላትም። አሥራ ሦስት ዓመት በሱቋ፣ ስድስት ዓመት በማዳም ቤት፣ አንድም ቀን በአፏ ብላው አታውቅም። እጇ የሚያውቀውን አፏ አያውቀውም ነበር። «እዪኝ» አለችና መቀሱን ይዛ አየር ላይ አወዛወዘችው። ቦንቱ አየች፤ ሞከረች፤ ጨርቁ ተበላሸ። ሁለተኛውም ተበላሸ። ሦስተኛው አንገቱ ለሁለት ሰው የሚበቃ ሆኖ አረፈው።

ቀና ስትል መስታወቱ ውስጥ ሙንተሃን አየቻት። ሙንተሃ አንድ ቡናማ ወረቀት ጨርቁ ላይ አስተኝታ፣ እንዳይንሸራተት ካውያ ጭናበት፣ ዙሪያውን በጠመኔ እየተከተለች ነው። ወረቀቱ ድሮ ምድር ቤት ያለው መደብር ዕቃ ይጠቀልልበት የነበረው ነው፤ መደብሩ ሲለቅ ቡርቱካን ጥቅሉን ይዛ ስትወጣ እንቁ አይታ፣ ቆሻሻ ለቃሚ ብላ ስቃባት ነበር። ወረቀቱ ላይ መስመር አለ፣ ቀስት አለ፣ ጽሑፍ አለ። ሙንተሃ መቀሱን ይዛ መስመሩን ብቻ ተከትላ ቆረጠች፤ ቡርቱካን እጇን አጣጥፋ ዳር ቆማ ታያታለች። ይሄ ነገር እንቁን ከሁሉ በላይ አንገበገባት። ቡርቱካን ሙያውን ከየትም ታምጣው፤ ሙያውን ሰው እጅ ላይ የምታፈስበትን መንገድ ከየት አገኘችው? እንቁ ባላት ነገር ተቀንቶባት ያውቃል፤ በሌላት ነገር መቅናት ግን አዲስ ሆነባት።

በሦስተኛው ጠዋት የቀረ አንድ ጨርቅ ብቻ ነበር። እንቁ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ቦንቱ አጠገቧ ቆማ መቀሱን ለመቀበል እጇን ዘረጋች። እንቁ የወሰነችውም አይመስላት፤ አፏ ቀደማት። «ቦንቱ፣ ክር አልቋል፤ ሄደሽ ግዢ» አለች። ቦንቱ የተከፈተውን መሳቢያ አየች፣ እንቁን አየች፣ ነጠላ ጫማዋን ተጫምታ ወጣች። እንቁም መቀሱን አንስታ፣ ቀኙን ለብቻ፣ ግራውን ለብቻ፣ በአንድ ትንፋሽ ቀድዳ ጨረሰችው። ሲያልቅ መስታወቱን አየች። ቡርቱካን በሯ ላይ ቆማ በቀጥታ ታያታለች። ዓይን ለዓይን ሲገጣጠሙ ቡርቱካን አቀርቅራ ወደ ውስጥ ገባች። ልትናገርብኝ ነው ብላ እንቁ ቀኑን ሙሉ ጠበቀች፤ የተናገረ ግን የለም።

በአራተኛው ጠዋት ኢማን ወደ እንቁ ሱቅ መጣች። ዋለልኝም ወንበር ላምጣ ብሎ ወጥቶ፣ ወንበሩን አስቀምጦ፣ እዚያው ቆሞ ቀረ። መጀመሪያ ሙንተሃ ልብሷን ለብሳ ከመልበሻው መጋረጃ ኋላ ወጣች። የነርስ ልብስ እንደ ዲራ አይደለም። ዲራ ሰፊ ነው፣ ይሸፍናል፤ የነርስ ልብስ ግን ትከሻ ላይ ልክክ ይላል፣ አንገቱ ይዘጋል፣ የሚደበቅ ነገር የለውም። እንቁ አንድ ጊዜ አየችና ልቧ ዘለለ። አንገትጌው ወደ ግራ አዘንብሏል። ግራ ትከሻው ወርዷል፤ ብብቱ ሥርም ጨርቁ ተጨማዷል። ሦስት ዓመት የጠበቀችው ነገር ዓይኗ ፊት ቆሞ ነበር። ደስታው አፏን ከፈተው። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባል የለ።

«ግራ ትከሻዋን እዩት» አለች። «ጣት ሙሉ ወርዷል። እንዲህ የምትቀድድ ሰው ናት ሌላ የምታስተምረው? እኔ እሷን ያስተማርኩት እንዲህ ነው?»

ኢማን ሜትሩን ተቀብላ ከአንገት እስከ ትከሻ፣ ቀኙንም ግራውንም ለካች። እውነትም ጣት ሙሉ ወርዷል። ቡርቱካን ወደ ሙንተሃ ትከሻ አየች፣ ወደ እንቁ አየች፤ ግንባሯ ተቋጠረ። አላፈረችም፤ አንድ ነገር ግራ የገባት ነው የምትመስለው። እንቁ ግን ይሄን ሁሉ አላስተዋለችም። ቦንቱን፣ ነይ ውጪ አለቻት።

ቦንቱ ወጣች። ስፌቷ እንደ መስመር ቀጥ ያለ ነው። አንገትጌው ወደ ግራ አዘንብሏል። ግራ ትከሻው ወርዷል፤ ብብቱ ሥርም ጨርቁ ተጨማዷል። ሁለቱ ሴቶች ጎን ለጎን ሲቆሙ የአንድ እናት ልጆች መሰሉ። ዋለልኝ ጉሮሮውን ጠረገ። ኢማን ሜትሩን አንስታ ለካች፤ ያው ጣት ሙሉ ነው።

እንቁ ከአንዷ ትከሻ ወደ ሌላዋ አየች። ቢሆንም ቅናት እንዲህ በቀላሉ እጅ አይሰጥም። አዲስ ሰው ናት፣ መጀመሪያ ስትቀድድ ትሳሳታለች ብላ በቦንቱ ላይ አላከከችው። ቦንቱ እንኳን መሳቋን ተወች።

«እኔ አልቀደድኩትም» አለች ቀስ ብላ። «ክር ልገዛ ሄጄ ነበር።»

ቡርቱካን ወደ ሱቋ ሄዳ አንድ የተጠቀለለ ወረቀት ይዛ ተመለሰች፤ ከሁሉም ያረጀው፣ ጠርዙ በፕላስተር የተለጠፈው ነው። የእንቁ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችው።

«እትዬ፣ ያን አረንጓዴ ቀሚስ ታስታውሺዋለሽ? ያለበስሽኝን» አለች። «ፈትቼው ነው። ስፌቱን አንድ በአንድ ፈትቼ ወረቀት ላይ አስተኛሁት። ግራው ከቀኙ ሲወርድ አየሁ፤ ለምን እንደሆነ ግን አላወቅሁም። ክር ግዢ እያልሽ የምትደብቂኝ እሱን መሰለኝ። ምስጢሩ ይሄ ነው ብዬ ሦስት ዓመት ልኩን አልነካሁትም።»

እንቁ ወረቀቱን አየችው። የሄሮኑን ቤት አየች፤ ማዳም በመስኮቱ በኩል ቆማ፣ አንዱ ትከሻዋ ወርዶ፣ «በግራ በኩል ዝቅ፣ ትንሽ ዝቅ» ስትላት ሰማች። ያቺ ሴት አገሯ ከገባች አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ትከሻዋ ግን እንቁ እጅ ላይ ቀርቶ የጅቡቲን ሴት ሁሉ ሲያለብስ ኖሯል። እንቁ በሯን ዘግታ፣ ሰው አባርራ፣ በመስታወት እየጠበቀች የደበቀችው ሙያ የአንዲት ከፈረስ የወደቀች ሴት ጉዳት ነበር። ይሄንንም ቡርቱካን እንደ ጽላት አክብራ ይዛዋለች። እንቁ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች።

ኢማን የሆነ ነገር በፈረንሳይኛ ለራሷ ተናገረች፤ ከዚያ በአማርኛ ፍርዷን ሰጠች። ሁለቱም ተሳስተዋል፣ ነገር ግን ወረቀት በእርሳስ ይታረማል አለች፤ ተማሪዋም ራሷ ቀድዳዋለች፤ አስተማሪዋ ቡርቱካን ናት። ቡርቱካን አመሰገነችና አንድ ነገር ለመነች። ወረቀቶቹ ሁሉ የወጡት ከእትዬ እጅ ስለሆነ የማርማቸው ከእሷ ጋር ነው፣ አዳራሹ ላይ እሷም ትኑርልኝ አለች። ኢማን እንቁን ረጅም ጊዜ አየቻት። አሁን የዋሸችዋን ታባርራለች ብሎ ዋለልኝ እንኳን ፈርቶ ነበር። ኢማን ግን ሦስት ወር ትሞከር አለችና ሄደች።

እንቁ አልፈልግም ልትል ምላሷ ጫፍ ደርሶ ነበር። ከቡርቱካን በታች! ምጽዋት መሰላት፤ ከምጽዋትም የባሰ መሰላት። ከሁሉ ያንገበገባት ደግሞ ሌላ ነው፤ ቡርቱካን ክር ግዢውን አይታ ዝም ብላለች። እንቁ በእሷ ቦታ ብትሆን አትምርም ነበር፤ ይሄን ታውቀዋለች። በቅዷ ቀናች፣ በደንበኛዋ ቀናች፣ አሁን ደግሞ በዝምታዋ ቀናች። ግን ኩሽና አጠገብ ያለችውን ክፍል አሰበችና እሺ አለች።

ግድግዳዎቹ በሁለት ሳምንት ፈረሱ። መስታወቱን ሠራተኞቹ አውርደው የት እንዳደረሱት አልታወቀም፤ ስድስቱ እርምጃም የለም። ምድር ቤት ቀለም ይሸታል፤ ዋለልኝ ካርቶኑን አጥቶ ወንበር ላይ ነው የሚያንቀላፋው። በመጀመሪያው የትምህርት ጠዋት አሥራ ሁለት ሴቶች፣ ቦንቱና ሙንተሃም ጭምር፣ አዲሱን ረጅም ጠረጴዛ ከብበው ቆሙ። ቡርቱካን ያንን ያረጀ ወረቀት ዘርግታ እርሳሱን ለእንቁ አቀበለቻት። ወረቀቱ ጥግ ላይ በደህና እጅ ጽሑፍ «የእትዬ እንቁ ቅድ» ይላል። እንቁ አነበበችው። ጽሑፉ አማረ፤ እሷ ደግሞ እንዲህ መጻፍ አትችልም፤ በዚህም ቀናች።

እርሳሱን ይዛ አጎነበሰች። ሃያ አራት ዓይን እጇ ላይ አረፈ። እንዲህ ታይታ አታውቅም። ሳታስበው ቀና አለች።

«ቡርቱካን፣ ክር አልቋል፤ ሄደሽ ግዢ» አለች።

ቦንቱ አፏን በእጇ ያዘች። አስተማሪዋ ቡርቱካን ግን ሻሿን ከወንበሩ ላይ አንስታ እንደ ድሮው መጠምጠም ጀምራ ነበር። ፊቷ ላይ ቅያሜ የለም፤ እሷም እንደ እንቁ ለምዶባት ነው። እንቁ ያን የሚጠመጠም ሻሽ አየችው፤ አራት ዓመት ሙሉ ከዚያች ልጅ የወሰደችው ነገር ያን ጊዜ ገባት።

«ተቀመጪ» አለቻት። «ክር ሞልቷል።»

ቡርቱካን ሻሿን እንደያዘች ቆመች፤ ከዚያ ቀስ ብላ ተቀመጠች። እንቁም ወረቀቱን አንስታ፣ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ መሐል ለመሐል አጠፈችውና ግራውን በቀኙ ላይ አስተኝታ ሴቶቹን ቀረብ በሉ አለቻቸው።